የሳልኩት ሽፋን ሲታተም ጠቆረ፣ ደራሲው ደሞ «ፋይሉ የኔ ነው» አለ

ጥያቄው፦ «የመጽሐፍ ሽፋን በፍሪላንስ መሳል ከጀመርኩ አንድ አመት አለፈኝ፣ እስካሁን 5 ሽፋን ሰርቻለሁ። የመጨረሻው የልብ ወለድ ነው፣ ማታ ሀይቅ ዳር የቆመች ሴት። ደራሲው ራሱ ነው የሚያሳትመው። ስኬቹንም ያለቀውንም ስልኩ ላይ አይቶ በጣም ወዶት ነበር። ታትሞ ሲመጣ ግን ስእሉ ጠቁሯል፣ ሰማያዊው ሰማይ ወይን ጠጅ ሆኗል፣ ርዕሱን ያስገባው ሌላ ሰው ደሞ ፊደሉን ሴትዮዋ ግንባርና አይን ላይ አሳርፎታል። አሁን ደራሲው ጥፋቱ ያንቺ ስለሆነ በነፃ እንደገና ሳዪልኝ፣ ከፍዬበታለሁና ፋይሉንም ከነሌየሩ (የስእሉ ክፍሎች ለየብቻ ተነባብረው ያሉበትን፣ የሚቀየረውን ፋይል) ላኪልኝ እያለኝ ነው። ውል አልተፈራረምንም፣ የተነጋገርነው ሁሉ በቻት ነው። ልሳልለት? ፋይሉንስ ልስጠው? ደሞ ከአሁን በኋላ ከመጀመሪያው ሲኤምዋይኬ ላይ ብሰራ ይሄ ነገር አይደገምም አይደል?»

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፣ ምክንያቱም እዛ ላይ ያለሽ እምነት ነው ነገ ሌላ ሽፋን የሚያበላሽብሽ። ይደገማል። ሲኤምዋይኬ (ማተሚያ በሚጠቀምባቸው አራት ቀለሞች፣ በሳያን ማለትም ውሃ ሰማያዊ፣ በማጀንታ ማለትም ደማቅ ሮዝ፣ በየሎው ማለትም ቢጫና በብላክ የሚሰራው የከለር ስርአት) ላይ መሳል ብቻውን ይሄን አያስቀርም። የደረሰብሽ አንድ ችግር ሳይሆን ሶስት ነው፣ በአንድ ቀን ስለመጣ አንድ መሰለሽ እንጂ። መጥቆሩ የራሱ ምክንያት አለው፣ ሰማያዊው ወይን ጠጅ መሆኑ ሌላ ነው፣ ርዕሱ ፊቷ ላይ ማረፉ ደሞ ከከለር ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ባለቤታቸውም አንድ ሰው አይደለም። ደራሲው ሶስቱንም ጠቅልሎ አንቺ ላይ የጫነው እኮ አንቺም ሳትለያቸው ስለተቀበልሽው ነው።

መጥቆሩን እንይ። ስክሪን ከራሱ ብርሃን ይረጫል፣ ወረቀት ግን ክፍሉ ውስጥ ካለው ብርሃን የተወሰነውን ነው መልሶ የሚሰጥሽ። ሁለቱ መቼም እኩል አይሆኑም፣ ልዩነቱን ማጥበብ ግን ይቻላል። ለህትመት የሚሰሩ ሰዎች ሞኒተራቸውን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በስኩዌር ሜትር (የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ያወርዱታል፣ አብዛኞቻችን ግን ማታ ክፍሉን አጨልመን ታብሌቱን ብራይትነስ ጥግ ድረስ ከፍተን ነው የምንስለው፣ ያ ደሞ የዛን ብዙ እጥፍ ነው። አይን ይለምደዋል፣ ጥቁሩ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፣ እጅሽም አይንሽን አምኖ ይበልጥ እያጨለመ ይሄዳል። እኔ ራሴ በጀመርኩ ሰሞን ማታ ባህር ላይ ያለች ጀልባ ስዬ ነበር፣ ከውሃው የምትለየው በጣም በጥቂቱ ነው፣ ስክሪን ላይ ምስጢር ምስጢር የምትል ነገር ሆና ራሴን በራሴ ሳደንቅ ነው የከረምኩት፣ ታትሞ ሲመጣ ያሳተመው ሰው ደወለና «ጀልባዋን ለምን አጠፋሃት?» አለኝ። አላጠፋኋትም እኮ፣ ጥቁር ውስጥ ጥቁር ሆና ቁጭ ብላለች።

ከዛ ደሞ ማተሚያው የሚጠቀምበት ቀለም ራሱ አለ። ህትመት ማለት ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው፣ ነጠብጣቡ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋል፣ ብርሃናማ ቦታ ላይ ብዙም አያስታውቅም፣ ጨለማ ቦታ ላይ ግን ነጠብጣቦቹ መሀል የቀረችውን ነጭ ክፍተት ይደፍናታል፣ ስለዚህ ጥላ ውስጥ የደከምሽበት የፀጉር ዘለላ፣ የልብስ እጥፋት ምናምን አብሮ ይደፈናል። ለራሴ የማደርገው ግምት ይሄ ነው፦ ከ85 ፐርሰንት በላይ የጠቆረ ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ አንድ ነው ብዬ ነው የምስለው፣ ሰው እንዲያየው የምፈልገውን ነገር እዛ ውስጥ አላስቀምጥም። ማታ መሳል ክልክል አይደለም፣ የማታ ስእል ግን ጨለማ ስእል ማለት አይደለም፣ የጨረቃውን ብርሃን ትከሻዋ ላይ፣ ውሃው ጠርዝ ላይ አውጥተሽ ሌላውን ማሳረፍ ነው።

የቀለም ጣሪያ የሚባልም ነገር አለ። አራቱ ቀለሞች እያንዳንዳቸው 100 ቢሆኑ ድምሩ 400 ፐርሰንት ነው፣ ማተሚያ ቤት ግን ለሽፋን በሚሆን አርት ፔፐር ላይ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 330 ድረስ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ሻካራ ወረቀት ላይ ደሞ ከዛም ያነሰ ይጠይቃል። ከዛ ካለፈ ቀለሙ በቶሎ አይደርቅም፣ ላዩ ላይ የሚደረደረውን ወረቀት ጀርባ ያቆሽሻል፣ ስእሉም ጭቃ ይመስላል። ሰፊ ጥቁር ቦታ ካለሽ ሳያን 60፣ ማጀንታ 40፣ የሎው 40፣ ብላክ 100 ብትይው ድምሩ 240 ነው፣ ጥልቅ ጥቁር ይሰጥሻል ችግርም የለውም። ትንንሽ ፊደል ላይ ግን ይሄን እንዳትሞክሪው፣ አራቱ ቀለም በአንዲት ፀጉር ታህል ከተዛነፈ ፊደሉ ጥላ ያወጣል፣ ለፊደል ብላክ 100 ብቻ ይበቃል። ላሚኔሽኑንም፣ ሽፋኑ ላይ የሚለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ፣ ጠይቂ፣ ማት (የማያብረቀርቅ) ከሆነ ከለሩን ያደበዝዘዋል፣ ጥቁርና ነጩን ያቀራርበዋል፣ ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ) ግን ያጎላዋል። ያው አንድ ፋይል በሁለት ላሚኔሽን ሁለት የተለያየ መጽሐፍ ሆኖ አይቻለሁ።

ሰማያዊው ለምን ወይን ጠጅ ሆነ? ይሄ በሙያው በጣም የታወቀ ወጥመድ ነው። ስክሪን ላይ የምታዪው ደማቅ ሰማያዊ በማተሚያ ቀለም የለም፣ ማተሚያው ሰማያዊ የሚሰራው ከሳያንና ከማጀንታ ነው፣ ኮምፒውተሩ ያንን ሰማያዊ ሲተረጉመው ሳያኑን ጥግ ያደርስና ማጀንታውንም ተከትሎ ከፍ ያደርገዋል፣ ሁለቱ ሲቀራረቡ ወይን ጠጅ ነው የሚወጣው። ማጀንታው ከሳያኑ ቢያንስ በ30 ነጥብ ዝቅ እንዲል አድርጊ፣ ለምሳሌ ሳያን 100 ከሆነ ማጀንታ 70ን አይለፍ፣ ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል። ደማቅ አረንጓዴና የሚያበራ ብርቱካናማም እንደዚሁ ወረቀት ላይ ይሞታሉ፣ እነሱን ለማዳን ዘዴው አጠገባቸው ያለውን ከለር ማደብዘዝ ነው፣ ጎረቤቱ ሲፈዝ እሱ ደምቆ ይታያል።

እና እሺ፣ ለምን ከመጀመሪያው ሲኤምዋይኬ አልሰራም ትያለሽ። ሲኤምዋይኬ አንድ ነገር ስላልሆነ ነው። እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት እንደ ማሽኑና እንደ ወረቀቱ የራሱ ፕሮፋይል (ከለሩ እዛ ማሽንና ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚወጣ የሚገልጽ ፋይል) አለው፣ ያለ ፕሮፋይል «ሲኤምዋይኬ ነው» ማለት «ልብሱ ሰፊ ነው» እንደማለት ነው፣ ለማን ሰፊ? ደሞ አንዴ ጠባቡ የከለር ክልል ውስጥ ከገባሽ ለኢቡክና ለማስታወቂያ የሚሆነውን ደማቁን ስሪት አጥተሻል፣ ዛሬ ሽፋን መጀመሪያ የሚታየው ስልክ ላይ ነው። ፎቶሾፕ ውስጥም ሲኤምዋይኬ ላይ አንዳንድ ፊልተሮች አይሰሩም። ፕሮክሪኤት (የአይፓድ መሳያ አፕ) ላይ ካንቫሱን ስትከፍቺ ሲኤምዋይኬ መምረጥ ትችያለሽ፣ ግን ብራይትነሱ ጥግ ላይ ከሆነ ያው መጥቆሩ አይቀርልሽም። እኔ የምመክርሽ አርጂቢ (ስክሪን የሚጠቀምበት የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን ስርአት) ላይ ሳዪ፣ የማተሚያ ቤቱን ፕሮፋይል ቀድመሽ ተቀበዪ፣ ፎቶሾፕ ላይ በሱ ፕሮፋይል ሶፍት ፕሩፍ (ህትመቱ ምን እንደሚመስል ስክሪን ላይ የሚያሳየውን) አብሪና በየሰአቱ እያበራሽ እያጠፋሽ እዪው፣ መጨረሻ ላይ ኮፒ አድርገሽ ኮፒውን ብቻ ቀይሪው። ዋናውን ፋይል በምንም ተአምር አትንኪው።

መጠኑንም አልነገርሽኝም ግን ብዙ ጊዜ እዛም ላይ ስለሚሳሳቱ ጣልቃ ልግባ። «300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ነው የሰራሁት» ማለት ብቻውን ምንም አይደለም፣ የምን ሴንቲሜትር 300? የኤ5 መጽሐፍ ሽፋን ሲዘረጋ ቁመቱ 210 ሚሊሜትር ነው፣ በስፋት ደሞ የፊቱ 148 ሚሊሜትር፣ የጀርባው 148፣ መሀል ላይ ጎኑ ማለትም መደርደሪያ ላይ የሚታየው ቀጭኑ ክፍል፣ ሲቆረጥ የሚሄደው 3 ሚሊሜትር ብሊድ ደሞ ዙሪያውን። ጎኑ 15 ሚሊሜትር ቢሆን አጠቃላይ 317 በ216 ሚሊሜትር ነው፣ በ300 ዲፒአይ 3744 በ2551 ፒክስል ይመጣል። ጎኑን በግምት አትስሪው፣ ወረቀቱ ነው የሚወስነው፦ 240 ገጽ ማለት 120 ቅጠል ነው፣ አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊሜትር ከሆነ 12 ሚሊሜትር፣ 0.13 ከሆነ 15.6 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ይቺ ልዩነት ርዕሱን ከጎኑ አውጥታ ፊት ሽፋን ላይ ልታሳርፈው ትበቃለች። የአማዞን ኬዲፒ (ደራሲ ራሱ የሚያሳትምበት አገልግሎት) ህትመት ከሆነ ለክሬም ወረቀት የገጹን ብዛት በ0.0025 ኢንች ታባዢያለሽ፣ ለነጩ በ0.002252፣ ከ79 ገጽ በታች ከሆነ ጎኑ ላይ ጽሁፍ አያስገባልሽም። የኢቡክ ሽፋን ለብቻው ነው፣ ቁመቱ 2560 ስፋቱ 1600 ፒክስል ይመከራል፣ የድምፅ መጽሐፍ ደሞ ስኩዌር ነው የሚፈልገው፣ 2400 በ2400። ሴትዮዋን ጥግ ላይ አቁመሽ ከሆነ ስኩዌር ውስጥ አትገባም፣ ይሄን ከስኬቹ በፊት ማወቅ ነው እንጂ በኋላማ ምን ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ርዕሱ፣ የእውነት ለመናገር ከሶስቱ ትልቁ ችግርሽ ይሄ ነው፣ ደብዳቤሽ ላይ ግን በአንድ አረፍተ ነገር ነው ያለፍሽው፣ «ርዕሱን ያስገባው ሌላ ሰው» ብለሽ። የሽፋን ስእል ከሌላ ስእል የሚለየው በዚህ ብቻ ነው፣ ፊደል የሚቀመጥበት ስእል ነው። ርዕሱ እንግዳ ሆኖ መጥቶ የሚቀመጥበት ቦታ ካላዘጋጀሽለት ሰው ግንባር ላይ ይቀመጣል፣ የት ይሂድ? ትልቅ አሳታሚ ዘንድ አርት ዳይሬክተር አለ፣ እሱ ቦታውን ለክቶ ነው ስራውን ለሰዓሊ የሚሰጠው። ራሱ የሚያሳትም ደራሲ ዘንድ ግን አርት ዳይሬክተር የለም፣ ወደድሽም ጠላሽም አንቺ ነሽ።

ስለዚህ እርሳስ ከማንሳትሽ በፊት የምትጠይቂው ስለ ገፀ ባህሪዋ የፀጉር ከለር ሳይሆን የማይቀየረውን የመጨረሻ ርዕስ፣ ንዑስ ርዕስ ካለ እሱን፣ የደራሲውን ስም ሽፋን ላይ በሚወጣበት አጻጻፍ ነው። የሁለት ቃል ርዕስና የስምንት ቃል ርዕስ አንድ አይነት ስእል አይፈልጉም። ሶስት ጥቃቅን ስኬች ስሪ፣ ከቴምብር ብዙም ያልበለጡ፣ ሶስቱም ላይ ርዕሱን በትክክለኛ ፊደሉ አስቀምጪበት፣ ሳጥን አድርገሽ «እዚህ ርዕስ» ብለሽ አትለፊው፣ ሳጥን ሁሌም ያምራል። የላይኛው አንድ ሶስተኛ ዝም ያለ ቦታ ይሁን፣ ሰማይ፣ ግድግዳ፣ ጭጋግ። ዝም ያለ ማለት ባዶ ማለት አይደለም፣ ብርሃኑና ጥላው ብዙ የማይዘል ማለት ነው፣ ከኋላው ቅርንጫፍና ቅጠል የሚንጫጫበት ፊደል በየትኛውም ከለር አይነበብም። ከዛ ስኬቹን ጥቁርና ነጭ አድርጊውና 120 ፒክስል ስፋት ድረስ አሳንሺው፣ ርዕሱ ካልተነበበ ወይ ሴትዮዋ ሴት መሆኗ ካልታወቀ ስእሉ ገና አልተሰራም። የጀርባ ሽፋኑ ላይም ባርኮድ እንደሚመጣ አትርሺ፣ የኬዲፒ 2 በ1.2 ኢንች ነው የሚወስደው፣ እዛ ቦታ ላይ የሀይቁን ቆንጆ ጥግ ስለሽ ከሆነ ነጭ ሳጥን ይለጠፍበታል።

ደራሲዎች ደሞ ሁሉም ምዕራፍ ሽፋኑ ላይ እንዲወጣላቸው ይፈልጋሉ፣ «ፀጉሯን የተቆረጠችው እኮ ምዕራፍ 7 ላይ ነው» የሚል መልእክት በሌሊት ይመጣልሻል። አትጣዪያቸው፣ መጽሐፉ ውስጥ አመታት ኖረዋል። ግን አንባቢው ሽፋኑን የሚያየው መጽሐፉን ሳያነብ ነው፣ ሽፋኑ ታሪኩን አይተርክም፣ ምን አይነት መጽሐፍ እንደሆነ ነው የሚናገረው፣ እሱን አስረጂያቸውና ወደ ስራሽ ተመለሺ።

«ስልኩ ላይ አይቶ ወዶት ነበር» ያልሽው ነገር መከላከያ አይሆንሽም፣ ለሱም አይሆነውም። የስልክ ስክሪን ላይ የፀደቀ ስእል የፀደቀው ለስልክ ስክሪን ነው። ማፅደቅ ማለት በትክክለኛው ወረቀት፣ በትክክለኛው ላሚኔሽን የታተመ አንድ ናሙና ይዞ፣ ቀን ብርሃን ላይ ወጥቶ ማየት ነው። ይሄን ናሙና ማን ያሳትም? ህትመቱን የሚያዘው ሰው፣ ማለትም ደራሲው። አንቺ ማተሚያ ቤቱን አታውቂውም፣ ወረቀቱን አልመረጥሽም፣ ማሽኑ ጋ አልቆምሽም። ሙሉውን ህትመት ያለ ናሙና ያስኬደው እሱ ነው። አንቺ ግን ናሙና ይታተም አላልሽውም፣ ማለት ነበረብሽ፣ ምክንያቱም ከሁለታችሁ ስለህትመት ይበልጥ ታውቃለች ተብሎ የሚጠበቀው አንቺ ነሽ።

እንግዲህ ጥፋቱን እናካፍለው። ፋይሉን ለህትመት ያዘጋጀሽው አንቺ ከሆንሽ የከለሩ ጉዳይ፣ ወይን ጠጁም መጥቆሩም፣ በአብዛኛው ያንቺ ነው፣ አርጂቢ ልከሽ ሌላ ሰው ቀይሮት ከሆነ ግማሹ የሱ። የርዕሱ ቦታ፣ ርዕሱን ቀድመው ነግረውሽ ከነበረና ቦታ ካልተውሽ ያንቺ፣ ካልነገሩሽ ወይ ቦታ ትተሽ ርዕሱን ያስገባው ልጅ ራሱ ፊቷ ላይ ከወሰደው የነሱ። ያለ ናሙና ማሳተሙ የደራሲው። አንዳቸውም ግን «እንደገና በነፃ ሳዪ» የሚለው ላይ አያደርሱም። ስእሉ አልተበላሸም። የተበላሸው የህትመት ፋይሉና አቀማመጡ ነው፣ መድሃኒቱም እዛው ነው ያለው።

አሁን «ከፍዬበታለሁ የኔ ነው» የሚለው። ይሄ የብዙ ሰው ስህተት ስለሆነ ክፋት ነው ብለሽ አትያዢው። ሰው ቤት ሲያሰራ ቤቱ የሱ ነው፣ ስእል ሲያሰራም እንደዛ ይመስለዋል። የቅጂ መብት ግን በዛ መንገድ አይሄድም። ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የበርን አለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነትና እሱን የተቀበሉት አብዛኞቹ የአለም አገራት ህጎች መብቱን የሚጀምሩት ከሰራው ሰው ነው፣ ምዝገባም አይጠይቁም። ገንዘብ መክፈል የሚያስገኘው የመጠቀም ፍቃድ ነው፣ መብቱ ራሱ እንዲተላለፍ በብዙ አገራት በጽሁፍ የተፈረመ ነገር ያስፈልጋል። አሜሪካ ብትወስጂ የፍሪላንስ ስራ የአሰሪው ነው የሚባለው ህጉ ከዘረዘራቸው የስራ አይነቶች ውስጥ ሲሆንና ሁለቱም በጽሁፍ ሲፈርሙበት ብቻ ነው፣ ተላልፎ የተሰጠ መብትን እንኳ ሰዓሊው ከ35 አመት በኋላ መልሶ መጠየቅ የሚችልበት አንቀጽ አለ። ተቀጣሪ ሆነሽ ደመወዝ እየበላሽ የሳልሽው ግን ሌላ ነው፣ እሱ ብዙ ቦታ የቀጣሪው ነው። ስሜ ይጠቀስ የማለትና ስራዬን አታበላሹ የማለት መብትም የበርን ስምምነት አንቀጽ 6bis ላይ ለብቻው ተቀምጧል። አፈፃፀሙ ከአገር አገር ስለሚለያይ የምትኖሪበትን አገር ህግ አንብቢ፣ ከኔ ቃል ብቻ ተነስተሽ ሰው አትክሰሺ።

ያንቺ ጉዳይ ላይ ሲተረጎም ውል ስለሌለ ፍቃዱ የሚነበበው ከቻቱ ነው። «ለመጽሐፌ ሽፋን» ብሎ ጠይቆሻል፣ ከፍሏል፣ ስለዚህ ለዛ መጽሐፍ ሽፋን መጠቀም እንደሚችል ማንም አይከራከርም፣ አንቺም ተናደሽ «አትጠቀምበት» ብትዪው አያዋጣሽም። ቲሸርት ላይ፣ የሌላ መጽሐፍ ሽፋን ላይ፣ ተቆርጦ ተለውጦ መጠቀም ግን እዛ ውስጥ የለም። ፋይሉ ከነሌየሩ ደሞ መብትም ፍቃድም ሳይሆን ሌላ እቃ ነው፣ እንደ ልብስ ሰፊ ቅድ በይው፣ ልብሱን የገዛ ሰው ቅዱን አልገዛም። በጥሬው ስትሰጪው እንዳሻህ ቀይረው ማለት ነው፣ ሰውየው ሴትዮዋን ከጀርባው ቆርጦ ክፍል 2 ላይ ያቆማታል፣ አንቺ ደሞ መደርደሪያ ላይ ታገኚያታለሽ። የሚሸጥ ነገር አይደለም እያልኩ አይደለም፣ ይሸጣል፣ ግን ለብቻው ዋጋ አለው፣ በጽሁፍም ነው የሚሸጠው። አንድ የምታጣሪው ነገር አለ፣ ውስጡ የገዛሽው ስቶክ ፎቶ (ለብዙ ሰው ፍቃዱ የሚሸጥ ዝግጁ ፎቶ)፣ ብራሽ ወይ ፎንት ካለ የነሱ ፍቃድ አሳልፈሽ እንድትሰጪ ላይፈቅድልሽ ይችላል፣ የስቶክ ፎቶ ተራ ፍቃድ የህትመት ብዛት ጣሪያም አለው፣ ብዙ ቦታ 500,000 ኮፒ ነው።

የምትመርጪው መንገድ ሶስት ነው። ሁሉንም እምቢ ማለት፣ በህግ ታሸንፊ ይሆናል፣ ግን ያ ጠቆር ያለው መጽሐፍ ስምሽን ይዞ ይዞራል። ሁሉንም እሺ ማለት፣ በነፃ ስለሽ ፋይሉንም ሰጥተሽ፣ ይሄኛው ሰላም ይመስላል እንጂ የሚቀጥለው ደራሲ የሚሰማው የመጀመሪያ ወሬ እሱ ነው፣ «እሷ ጋ ከተቆጣህ በነፃ ትደግማለች»። ሶስተኛው ያንቺን ድርሻ ብቻ መጠገን ነው፣ እሱን ነው አድርጊ የምልሽ።

በተግባር እንዲህ ነው፦ ዛሬውኑ ማተሚያ ቤቱን ፕሮፋይሉንና የቀለም ጣሪያውን እንዲልክልሽ ጠይቂ። ጥላዎቹን አንሺ፣ የሰማዩን ማጀንታ አውርጂ፣ የርዕሱ ቦታ ላይ ሰማዩን ወደ ላይ ዘርጊውና ሴትዮዋን ዝቅ አድርጊያት፣ ሌየሩ ካለሽ የአንድ ወይ የሁለት ቀን ስራ ነው። ርዕሱን ያስገባው ልጅ ያ ፎንት የት ላይ እንደሚያርፍ ያሳየሽ። ይሄን አንድ ጊዜ፣ በነፃ፣ ያንቺ ድርሻ ስለሆነ። ከዛ የህትመት ፒዲኤፉን ፍላት አድርገሽ (ሌየሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቀሽ) ስትልኪ አንድ ናሙና ታትሞ ሁለታችሁም በእጃችሁ ይዛችሁ ሳታዩ ሙሉው ህትመት እንዳይሄድ በጽሁፍ ንገሪው፣ ናሙናውን ካየ በኋላ የሚመጣ ለውጥ የሚከፈልበት መሆኑንም እዛው ጨምሪ። መልእክቱ አጭር ይሁን፣ ይቅርታ አታብዢበት፣ «የከለሩን ዝግጅት እኔ አስተካክላለሁ፣ አዲስ ስእል ከፈለጉ ዋጋው ይሄ ነው፣ ከነሌየሩ ያለው ፋይል በስራው ውስጥ አልነበረም፣ ከፈለጉ ዋጋውንና የሚፈቀደውን በጽሁፍ እልክልዎታለሁ» በቂ ነው። የታተመውን ወጪ ካሺኝ ካለሽ ናሙና ያላየ ሰው እሱ መሆኑን በትህትና ንገሪው እንጂ በቻት አትጨቃጨቂ፣ የምትጽፊው ሁሉ ነገ ማስረጃ ነው፣ ቻቱንም እንዳትሰርዢው።

ለሚቀጥለው ስራ ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም፣ አንድ ገጽ ስምምነት ይበቃሻል፣ የጠበቃ ቋንቋ አያስፈልገውም። ለየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለወረቀት ብቻ ነው ወይስ ለኢቡክና ለድምፅም፣ ለስንት አመት፣ ማስታወቂያ ላይ ይሁን አይሁን። ስኬች ስንት፣ ማስተካከያ ስንት ዙር፣ እኔ ስኬች ላይ ሁለት ያለቀው ላይ አንድ ነው የምሰጠው፣ ስኬቹ ከፀደቀ በኋላ ሀሳብ መቀየር አዲስ ስራ ነው። ክፍያው ግማሹ ከመጀመሬ በፊት፣ ቀሪው የህትመት ፋይሉ ከመላኩ በፊት፣ ከህትመት በኋላ አይደለም፣ ህትመት ሊዘገይ አንዳንዴም ሊቀር ይችላል። ስራው መሀል ላይ ቢቋረጥ ስኬች ላይ ከሆነ ከ25 እስከ 50 ፐርሰንት፣ ስእሉ አልቆ ከሆነ ሙሉውን። ስምሽ መጽሐፉ ውስጥ የት እንደሚጻፍም ይግባ፣ ደራሲዎች ይሄን እምቢ ብለው አያውቁም፣ የሚረሱት ስላልተጠየቁ ነው። ኤአይ ትጠቀሚያለሽ አትጠቀሚም የሚለውንም ጻፊው፣ ኬዲፒ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሽፋኑ በኤአይ የተሰራ ከሆነ አሳታሚው እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፣ የአሜሪካ የኮፒራይት ቢሮም በዛው አመት ሰው ያልሰራውን ምስል እንደማይመዘግብ ተናግሯል፣ ደራሲው የሚገዛው ነገር መብት ያለው ነገር መሆን አለመሆኑን የማወቅ ጥቅም አለው።

እና ታብሌቱን ብራይትነሱን ዛሬ ማታ አውርጂው፣ የሚያስጠላ ነው፣ ለሶስት ቀን ሁሉም ስእልሽ የፈዘዘ ይመስልሻል፣ ከዛ ትለምጂዋለሽ።